«አይዞህ» የተከለከለበት ቤት

ሲስተር ጡረታ ከወጣች አራት ዓመት አልፏታል፤ በሰፈሩ ግን ዛሬም ሌላ ስም የላትም፣ ሲስተር ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያቺን አረንጓዴ በር ያላትን መርፌ ክፍል ይዛ ኖራለች። የሰፈሩን ሰው ግማሹን ወግታዋለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባንክ ቤት ወረፋ ይዛ በቆመችበት፣ ከረባቱን ያሰረ ትልቅ ሰው ዞር ብሎ ሲያያት ሳያስበው እጁን ወደ ኋላው ይልካል። እሷም ነገሩ ይገባታልና፣ «ፊቱን ባላስታውሰውም ሌላውን ሳላስታውሰው አልቀርም» እያለች ትስቃለች።

እጇ ግን አያምም ነበር። ይሄን ጠላቷም አይክዳትም። ጥጡን ታርሳለች፣ ቦታውን ትጠርጋለች፣ «አይዞህ» ትላለች፣ አለቀ። ተገላብጠህ ሱሪህን ስትታጠቅ እሷ ቀጣዩን ተራ ጠርታለች።

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ የእሷና የሻለቃ ነው። ሻለቃ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ውሻ ነው። ባሏ የመንገድ ቀያሽ ነበርና፣ ከአንድ የሥራ ካምፕ ገና ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ በጃኬቱ ሸጉጦ አመጣው። ትከሻና ትከሻው ላይ ነጭ ምልክት ስላለው፣ «ማዕረጉን ይዞ ነው የተወለደው» ብሎ ሻለቃ አለው። ማዕረጉ የሻለቃ ይሁን እንጂ ልቡ የጫጩት ነው። ቢሆንም ባልየው በሕይወት ሳለ ደህና ነበር፤ ጧት ይሸኘዋል፣ ማታ ይቀበለዋል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል።

ባልየው ድንገት ከሞተ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሲስተር ቁልፏን ያነሳች እንደሆነ ሻለቃ ማለክለክ ይጀምራል። ጫማዋን ስታደርግ ይንቀጠቀጣል። በሩን ዘግታ ስትወጣ ደግሞ ያላዝናል! በሩን በጥፍሩ ይቧጭራል፣ ምራቁን ያዝረበርባል፣ እስክትመለስ አያርፍም። ነጎድጓድ የመጣ ዕለትማ አይወራ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ለመግባት ይታገላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ ይሄኛው ግን በበላበትም ባልበላበትም ጩኸት ሆነ ሥራው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከላይ ፎቅ አራስ አለች። ሲስተር ምድር ቤቱን የተከራየቻቸው የቤቱ ባለቤት፣ «እትዬ» የምትላቸው ሴትዮ፣ ብቸኛ ልጃቸው በቀዶ ሕክምና ወልዳ እሳቸው ዘንድ ተኝታለች። ሕፃኑ ገና እንቅልፍ ሲይዘው ሻለቃ ከታች «ዉዉዉ!» ይላል፤ ሕፃኑ ብንን፣ እናቲቱ ብንን፣ አያቲቱም ብንን። ሦስት ሳምንት ታገሱ። በአራተኛው መጡና በሩ ላይ ቆሙ፣ ግቡ ብትላቸውም አልገቡም።

«ሲስተር፣ አንቺን መናገር እንዴት እንደሚያሳፍረኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ግን ልጄ ዓይኗ ጉድጓድ ገባ። ቁስሏም አልጠገገ። እስከ ወሩ መጨረሻ ለውሻው አንድ ነገር ፈልጊለት። አንቺን ውጪ አላልኩም፤ አንቺማ የት ትሄጃለሽ።»

«እሺ እትዬ» አለች ሲስተር። እውነት ነው የተናገሩት።

የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ የሲሚንቶ መጋዘን ጥበቃ ኃላፊ ነው። ደወለችለትና ነገረችው። እሱም ደግ ሰው ነው፣ ወዲያው፣ «ታዲያ ምን ቸገረሽ እህትዓለም! እኔ እወስደዋለሁ። በሩ ላይ ሰንሰለት አለ፣ የቆርቆሮ ቤትም አለ» አላት። ሲስተር ያንን በር ታውቀዋለች። ከጧት እስከ ማታ ከባድ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ይገባል ይወጣል። የድስት ክዳን ሲወድቅ አልጋ ሥር የሚገባ ውሻ እዚያ በሰንሰለት ታስሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለማንም አልተናገረችውም እንጂ፣ ሻለቃ ከሄደ በዚያ ቤት ውስጥ የእሷን መምጣት የሚጠብቅ ነፍስ አይኖርም። ይሄ ነው ሌሊት ሌሊት ጣሪያ የሚያስቆጥራት።

እንግዲህ ታገለች። ሲንቀጠቀጥ አቅፋ ትይዘዋለች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አይዞህ! አይዞህ የኔ ጌታ! አይዞህ፣ አለሁልህ!» ትለዋለች። እሱ ብሶበት ቁጭ። ስንት የሚጮኽ ሕፃን ያረጋጋች ሴትዮ አንድ ውሻ አቃታት። ተናደደችም፣ አለቀሰችም። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሙን ጠራች።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ ረጅም፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። መጡና የሻለቃን ጆሮ አዩ፣ ጥርሱን አዩ፣ ሆዱን ዳሰሱ። «በሽታ የለውም» አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ዝም። አምስት ደቂቃ ዝም። አሥር ደቂቃ ዝም። ሲስተር ወሬ ብትጀምር በእጃቸው ቆይ አሏት። ሻለቃ መጀመሪያ ዞራቸው፣ አሸተታቸው፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋና ዓይኑን ከደነ።

«አዩት?» አለች ሲስተር በሹክሹክታ። «እንግዳ ሲያይ ጨዋ ይሆናል!»

«አሁን እንደሚወጡ ይሁኑ» አሉ ሐኪሙ። «ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት።»

ሲስተር ጫማዋን አደረገች። ሻለቃ ጭንቅላቱን አነሳ። ቁልፏን ያዘች። ጆሮው ቆመ። እሷም እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «አይዞህ የኔ ሻለቃ፣ አሁን እመጣለሁ፣ አይዞህ!» ከማለቷ ሻለቃ ዘሎ ጠረጴዛ ሥር ገባና ይንዘፈዘፍ ጀመር።

ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «ሲስተር፣ መርፌ ሊወጉት ነው እንዴ?»

«ምን?»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩት። እኔም አንዴ ታምሜ እርስዎ ክፍል ገብቼ ነበር፣ ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ። መርፌው ምንም አላለኝም። ‹አይዞህ› ያሉኝ ጊዜ ነው የደነገጥኩት።»

ሲስተር መሳቅም መቆጣትም አማራት፣ አንዱንም አላደረገችም። ሐኪሙ ቀጠሉ፤ «ይቺን ቃል ለእሱ መቼ መቼ ነው የሚሉት?»

አሰበች። ስታጥበው ትለዋለች፤ ውሃ ደግሞ ይጠላል። ለክትባት ሲያዝ ትለዋለች። ሲነጎድ ትለዋለች። ትታው ስትወጣ ትለዋለች።

«ሲበላስ? ስትጫወቱስ?»

«ሲበላ ምን አስፈርቶት አይዞህ እለዋለሁ!»

«እንግዲህ» አሉ ሐኪሙ።

ሲስተር ይሄን ጊዜ ሌላ ነገር ትዝ አላትና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ የሞተ ዕለት! ያን ቀን ሻለቃ እግሯ ሥር ተወሽቆ ነበር። በዚያ በር የገባ ሰው ሁሉ፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ዘመዱ፣ እያንዳንዱ፣ «አይዞሽ» እያለ ነው የገባው። መቶ ሰው ይሆናል፤ መቶ ጊዜ አይዞሽ። ውሻ ደግሞ የወንድና የሴት አንቀጽ አይለይም። ያ ቃል ሲዥጎደጎድ ዋለና ጌታው በበሩ ወጥቶ ቀረ። ታዲያ ከዚያ ወዲያ እሷ ቁልፏን ይዛ «አይዞህ» ስትለው ምን ብሎ ይስማው? አንቺም ቀረሽ ማለት ነው እንጂ!

«ገደልኩት እኮ!» አለች ሲስተር። «በደህና ቃል ገደልኩት!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈር በሙሉ ያቺን ቃል ሲሰማ እጁን ወደ ኋላው የሚልከው በከንቱ ነበር እንዴ? ሕፃናት መንገድ ላይ ሲያዩዋት እናታቸው ቀሚስ ውስጥ የሚገቡት? ሠላሳ ሁለት ዓመት ለማጽናናት ነው ብላ የምትለው ቃል፣ ለሰሚው «መጣልህ» ማለት ነበር። ይሄን የሚነግራት ሰው ጠፍቶ አንድ ውሻ ነገራት።

ሐኪሙ ግን የሚያላቅሱ ሰው አልነበሩም። «ቃሉን ይተዉት» አሏት። «ሲወጡ አይሰናበቱት፣ ሲገቡም ወዲያው ሰላም አይበሉት። እሱ ሰክኖ ሲቀመጥ ያን ጊዜ ይጥሩት። ቁልፉን በቀን ሃያ ጊዜ እያነሱ የትም አይሂዱ፤ ቁልፍ ማለት መሄድ ማለት እንዳልሆነ ይልመድ። ከዚያ በር ከፍቶ መዝጋት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት። ነጎድጓድ ሲመጣ የራሱ ጥግ ይኑረው፣ መጋረጃውን ይዝጉ፣ ራዲዮኑን ይክፈቱ፣ ሥራዎን ይሥሩ። እርስዎ ጋ ከመጣ ደረቱን ቀስ አድርገው ይዳብሱት፤ ጨምቀው አይያዙት፣ እስር ይመስለዋል። እና ዝም ይበሉ። ዝም አይነቅዝም።»

በአፍ ቀላል ነው! ሲስተር ከልጅነቷ ጀምሮ ባዶ ቤት እንኳ ሲገባ «ቤቶች!» ተብሎ እንደሚገባ ተነግሯት ያደገች ሴት ናት። አሁን የገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ዝም ብላ ትገባለች። በሩን ትከፍታለች፣ ሻለቃ እየዘለለ ይመጣል፣ እሷ ግን ግድግዳ ግድግዳ እያየች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች። «ይሄ ብልግና እኮ ነው» ትላለች በልቧ። እሱ ሲደክመው ተመልሶ ይተኛል። ያኔ ትጠራዋለች፣ ጅራቱን እየወዘወዘ ይመጣል፣ ሁለቱም ይታረቃሉ።

ቁልፉንማ ተዉት። ሽንኩርት ስትከትፍ ቁልፍ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ቴሌቪዥን ስታይ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ሻለቃ መጀመሪያ ቁልፉ በተነሳ ቁጥር ይነሳ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ፤ በአምስተኛው ያቺንም አልገለጠም። ሴትዮዋ አበደች ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ቃሉን መተው ነው የከበዳት። በስድስተኛው ቀን የብረት ድስት ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ጓ! አለ። ሻለቃ በድንጋጤ ሲዘል የሲስተር አፍ ሠላሳ ሁለት ዓመት እንደለመደው ተከፈተና «አይ…» አለ። እዚያው ላይ ትዝ ሲላት መመለሻ አጣች። «አይ… አይጥ!» ብላ ጨረሰችው። ሻለቃ ቆመና አያት። ከዚያ ጆሮውን አቁሞ ምድጃው ሥር አሸተተ፣ በርሜሉ ሥር አሸተተ፣ ጅራቱን እየቆላ ቤቱን ዞረው። ድስቱንም ረሳው፣ መንቀጥቀጡንም ረሳው። ሲስተር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲያ አድርጋ ስቃ አታውቅም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንድ ደቂቃ ደረጃው ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ግቢው በር ድረስ፣ አሥር ደቂቃ ሱቅ። በአሥረኛው ቀን ግን ሲስተር ተዝናናችና ከአንዲት የቀድሞ ባልደረባዋ ጋር ወሬ ይዛ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ከግቢው በር ጀምሮ ሙሾው ይሰማል። ከላይ ደግሞ ሕፃኑ ያጅበዋል። በሩ አዲስ ቧጨራ አውጥቷል። ሲስተር ያን ቀን ተስፋዋ ተሟጠጠ። በዚያው ማግሥት ዋርሳዋ ደወለ፤ «ከዚህኛው ቅዳሜ ሳይሆን ከሚቀጥለው መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ አዘጋጂው።»

«እሺ ወንድምዓለም» አለች።

ግን ነርስ ናት፣ አንድ ቀን ትኩሳት ስለጨመረ መድኃኒት አይቋረጥም። ወደ አምስት ደቂቃ ተመለሰች። አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። አዲስ ሙሾ አልተሰማም። ይሁን እንጂ ነጎድጓድ ገና አልመጣም፤ የሚያስፈራት እሱ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ቅዳሜው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለራሷ የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ ወደ ፋርማሲ ሄደች። ስትወጣ ሰማዩ ደህና ነበር፤ ለማንኛውም ብላ ግን መጋረጃውን ዘግታ ራዲዮኑን ከፍታለት ወጣች። ስትመለስ ጠቆረ። ፋርማሲው በረንዳ ላይ እንደቆመች ዝናቡ ወረደ፣ እንዴት ያለ ዝናብ! አስፋልቱ ወንዝ ሆነ። ከዚያ ሰማዩ ተሰነጠቀ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በረንዳው ላይ የተጠለሉት ሰዎች በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አሉ። የሲስተር ልብ እሷ ዘንድ አልነበረም፤ ቁም ሣጥኑን፣ በሩን፣ ጥፍሩን፣ አራሷን ነው የምታየው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች ለራሷ። አርባ ደቂቃ ቆመች። ከዚያ አላስቻላትም፣ ቦርሳዋን አናቷ ላይ አድርጋ ገባችበት።

ግቢው ጋ ስትደርስ ጆሮዋን አቁማ ሰማች። ምንም የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቃል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ይሄ ዝምታ ከጩኸቱ ብሶ አስደነገጣት። በመስኮት ዘሎ ይሆን? ልቡ ቀጥ ብሎ ይሆን? የበረንዳውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ወጥታ ቁልፉን አስገባች።

ገባች። ራዲዮኑ እንደተወችው ያወራል። መጋረጃው ተዘግቷል። ሻለቃ ቁም ሣጥኑ ጎን ያዘጋጀችለት ብርድ ልብስ ላይ፣ አገጩን መዳፉ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። እንደገና ሲነጎድ ጆሮው ብቻ እርግብ አለ፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ንዝረት አለፈ፣ በቃ። አያት። ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ አዛጋ፣ ሄዶ ውሃውን ጠጣ።

ሲስተር ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከነእርጥብ ልብሷ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እፎይ የማለት ልቅሶ ነው፣ ደስ የሚል። ሻለቃ መጥቶ ጭኗ ላይ ደገፍ አለ፤ እሷም ደረቱን ቀስ አድርጋ ዳበሰችው።

በማግሥቱ ዓርብ ጧት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ያለ ወትሯቸው ግቡ ሳይባሉ ገቡ፣ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሲስተር፣ ይቅር በይኝ። ጎድቼሻለሁ።»

«ምነው እትዬ? ምን አጠፉ?»

«ተይኝ እንጂ! መቼ ነው የወሰዱት? ሳትነግሪኝ እንዲያው ዝም ብለሽ ሰጠሽው! ሳምንት ሙሉ ድምፁ የለም። ትናንት ያ ሁሉ መብረቅ ሲወርድ፣ አሁን ይጀምራል፣ አሁን ይጀምራል ስል፣ ጭጭ። ልጄ ናት፣ ‹እማዬ፣ ውሻው ሄደ እኮ፣ አሳዘነኝ› ያለችኝ። ሁለታችንም እህል አልበላ አለን። የባልሽ ማስታወሻ ነበር፣ እኔ ክፉዋ አስወጣሁብሽ…»

ሲስተር መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት። በጣቷ ጠረጴዛውን አሳየቻቸው። እትዬ ጎንበስ አሉና የጠረጴዛ ልብሱን ገለጡ።

«ወይኔ ጉዴ! እዚህ ነው እንዴ ያለው!»

ሻለቃ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ጅራቱን ሁለቴ ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገና መልሶ ተኛ።

እትዬ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። «ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ ለምን አትነግሪኝም! ስንት ቀን አለቀስኩ!»

«ዝም በይ ተብዬ ነዋ!»

«ማን ነው ዝም በይ ያለሽ?»

ነገረቻቸው። ስለ ቃሉ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ አይጡ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው፣ ላይ ያለው ሕፃን እንዳይሰማ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲነሱም፣ «እንዲህ ከሆነማ ማን ያስወጣዋል! በዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔ የሚሻል ጨዋ ተገኘ» ብለው ሄዱ።

ሲስተር ስልኳን አነሳች።

«ወንድምዓለም፣ ነገ አትምጣ።»

«ምነው?» አለ ዋርሳዋ ደንግጦ። «ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ተኝቷል» አለች።

ስልኩን ዘጋችና ቤቱን አየችው። የሚሠራ ሥራ ሞልቷል፣ ትናንት የረጠበው ልብስ እንኳ አልተሰጣም። ተወችው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የሚሉት ነገር እንደልቧ ያልጎበኛት ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከነጫማዋ ሶፋው ላይ ጋደም አለችና እንቅልፍ ይዟት ሄደ።